ከከበሮው ጀርባ

«ካናቴራህን አውልቅ» አልኩት፣ «ደረትህን ላንሳው»።
አወለቀና አጣጠፈው፤ ወንበር ላይ መጣሉ አሳሳው።
ጥቁሩ አመድ መስሏል፣ አንገቱ ተበልቶ አልቋል፣
ከፊቱ ላይ ግን ያ ጽሑፍ ዛሬም በግድ ይነበባል፦
የጨው ዓምድ። አሽቀሎን። ነሐሴ።
ዓመቱን እጥበት በልቶታል።

እጄ ማብሪያው ላይ ቀረ።
«ነበርክ?»
«ሦስተኛው ረድፍ!» አለ፣ ሳሉ እያቋረጠው፤
«የዘፋኙ ላብ ፊቴን እስኪያርሰው።»

ሁሉም ሦስተኛው ረድፍ ነው።
የጥርስ ሐኪሜ፣ የልጄ የሒሳብ መምህር፣
በቀደም በታክሲ የሸኘኝ ያ የናታንያ ሰው፣
ሁሉም ከመድረኩ ሥር።
ያን ሁሉ ሕዝብ የቻለ ረድፍ
ከአሽቀሎን ቢነሣ፣ ሃይፋ ሳይደርስ አያርፍ።

ዝናብም ነበር ይላሉ።
ነሐሴ ዝናብ የሚያውቀው በእናቴ አፍ ውስጥ ብቻ ነው፤
እዚህ ነሐሴ ደረቅ ነው፣ ሰማዩ የተወለወለ ቆርቆሮ።
ያ ዝናባቸው ላብ ይሆናል፣ የባሕር ጤዛ ይሆናል፣
ወይ ደግሞ ወሬ ሲያረጅ እንዲህ ይረጥባል።

እኛ አራት ነበርን፣ ከአዳሪ ትምህርት ቤት የሾለክን፦
እኔ፣ ፈንታነሽ፣ አበጀ፣
ደግሞም ስጦታው፣ መምህሯ ማታን ያለችው፤
ስጦታ ያው ስጦታ ነው፣ ትርጉሙን እንኳ አልነካችው፣
እሱ ግን ማታን ሲሉት ሌላ ልጅ ፍለጋ ይዞራል።
የአራታችን ሳንቲም ተደምሮ የአንድ ትኬት ሩብ አይሞላም።
አበጀ ግን መንገድ ያውቃል፦
አሮጌው ግንብ ወደ ባሕሩ በተናደበት፣
የጥንት ዓምዶች እንደ መድፍ አፍ ካፈጠጡበት፣
ጉልበታችን ተልጦ፣ ጫማችን አሸዋ ጠጥቶ
ወጣን።
ወጥተን ያረፍነው ከመድረኩ ኋላ።

ዘበኛው ከሩሲያ የመጣ ሽማግሌ፣ ዕብራይስጡ ከኛም የከፋ።
ባትሪውን በየፊታችን አዞረ፣ ቆጠረን፣ አጠፋ።
«ቁጭ» አለን። እንደ ውሻ አይደለም፣ እንደ አጎት ነው ያለን፤
ከኪሱ የሱፍ ፍሬ ዘግኖ ለአራታችን አደለን።

ስለዚህ እኔ ያየሁት የከበሮ መቺውን ጀርባ ነው፦
የትከሻው አጥንት እንደ ሰፊ በር ሲከፈት፣ ሲዘጋ፣
ላቡ በአከርካሪው ቦይ ሲወርድ።
የዘፋኙን ፊት ያወቅሁት ኋላ በጋዜጣ ነው፤
ተረከዙን ግን በዓይኔ በብረቱ፤
ፕላስተር ነበረበት።

ከዚያ መብራቱ ዞረ።
መብራቱ ዞረና አርባ ሺህ ፊት ወደኛ በራ።
በመጣን በሰባተኛው ዓመት
ይህን አገር ለመጀመሪያ ጊዜ እንዲያ ሆኖ አየነው፦
ግንባሩ ያልተቋጠረ፣ «ምን ፈለጋችሁ?» የማይል፣
አፉን የከፈተ፣ እንባውን ያልጠረገ፣
እንደ ሕፃን የፈነደቀ።
ፈንታነሽ እኛን ያዩ መሰላት፤
ተነሥታ እጇን አውለበለበች።
አርባ ሺህ እጅ መለሰላት።

ዛሬም በስልክ እንጣላለን።
ስጦታው፣ መብራት ጠፍቶ ሦስት ዘፈን በጨለማ ነው ይላል፤
አበጀ፣ አንድ ደቂቃም አልሞላ ብሎ ይምላል።
ፈንታነሽ ብትኖር ትፈርድ ነበር።

«ግራ ነው ቀኝ?» አልኩት ሰውዬውን።
«ግራ። አራተኛው ዘፈን ላይ…» ብሎ ተወው።
«አለቀስክ» አልኩት። «አይቼሃለሁ።»
ከአርባ ሺህ ፊት አንዱን ማን ይለያል? ዋሽቼ ይሆናል።
ዞሮ አየኝ፤ ያ ፊት ነው፣
ወይም የሚመስለው።

«በል፣ ጀርባህን ስጠኝ» አልኩት፤
«ደረትህን ከሰሌዳው፣ ትከሻህን ወደ ፊት፣
ትንፋሽህን ሳብና ያዝ።»
ሳበ። የትከሻው አጥንት ተከፈተ።
እኔም ከመስታወቱ ኋላ፣ እንደ ድሮዬ፣
ከጨለማው ቆሜ
መብራቱን ጠበቅሁ።