ድምፅ ያጣችዋ

ታምፔሬ፣ ከወንዙ ዳር፣ በድሮው ጥጥ ፋብሪካ፣
ክር ሲፈተል በኖረበት፣ ዛሬ ሰው በሰው ሲለካ፣
እኔ ከጣሪያው ሥር፣ ብረት ላይ ተቀምጬ፣
ፊት አበራለሁ፤ በትእዛዝ እንጂ መች መርጬ።
በጆሮዬ ውስጥ ማሪት አለች፣ ዳይሬክተሯ፤
«ሁለተኛ መብራት፣ ወደ ግራ»፤ ይኸው ነው ንግግሯ።

አርባ ሁለት ቀን ከሐይቅ ደሴት ላይ ከርመው፣
ዓሣ አጥምደው፣ ተርበው፣ ማታ ተማምለው ጠዋት ተካክደው፣
ሦስት ሰዎች ቀሩ።

ኢልማሪ፣ አናጢው፣ ጎጆ የሠራላቸው፤
ሳኔልማ፣ ጠበቃዋ፣ በቃል ያሰረቻቸው፤
ሦስተኛዋ ሲርካ፣ ከኬሚ፣ የአውቶቡስ ሹፌር፤
አንድ ቀን ጮኻ አታውቅም፤ እሳት መጠበቅ ነበር
ሥራዋ፤ ሌት ስትማግድ፣ ሲነጋ አመድ ስትዝቅ።
ማንም ሊያባርራት አልጣረ፤ ማንም ሊያነግሣት አይጠይቅ።

ስምንት ፈራጆች አሉ፣ ከደሴቱ የተባረሩ፣
ቂማቸውን በኮት ሸፍነው በሁለት ረድፍ የሰፈሩ።
ስም ጽፈው፣ ወረቀት አጥፈው፣ ከሣጥን ውስጥ ከተቱ፤
አንዷ አለቀሰች፤ አንዱ ሳቀ፤ ሌሎቹ ግድግዳ አዩ፣ ዘጉ።
አቅራቢው አነበበ፣ ጣቱ በላብ ርሶ፤
ኢልማሪ። ሳኔልማ። ሳኔልማ። ኢልማሪ፣ ደግሞ መልሶ።

አራት ለአራት።

ጭብጨባው አየር ላይ ቀረ፤ እጅና እጅ ሳይገናኝ።
እኔም ሁለቱን ፊቶች እኩል አብርቼ ያዝሁ፤
አንዱ ቢደምቅብኝ ያደላሁ እንዳይመስል ፈራሁ።

እኩል ሲሆን ምን ይደረግ?
አንዳንዱ ጋ ሳንቲም ይወረወራል፤
አንዳንዱ ጋ ክብሪት ይታደላል፣ ቀድሞ ያነደደ ይነግሣል፤
ሌላው ለተመልካች ይተወዋል፣ በስልክ፣ በደቂቃ ሂሳብ፤
ሌላው ብሩን ለሁለት ይከፍለዋል፣ እንደ ሐብሐብ።
አባቴ፣ ሙግት ወዳዱ፣ «ሚዛን እኩል ከቆመ፣»
ይል ነበር፣ «ሚዛኑን አትማ፤ መዛኙ ነው የደከመ።»

አቅራቢው ፖስታ ቀደደ። የውሉ ገጽ አርባ ላይ፣
ማንም ሳያነብ በፈረመው በዚያ ደቃቅ ጽሑፍ ላይ፣
እንዲህ ይላል፦ «ድምፅ እኩል ሲሆን፣ ሦስተኛው ይፍረድ።»

ማሪት በጆሮዬ ጮኸች፤ «ሲርካ! ሲርካን አብሪልኝ!»
ፈለግኋት። ጨለማ ነው። እጄ ከዳኝ።
ሦስት ሰዓት ሙሉ አንዴ እንኳ አላበራሁባትም፤
የት እንደተቀመጠች እንኳ ልብ አላልኋትም።
አገኘኋት። ዓይኗን ጨፈነች፤ ብርሃኑ እንደ ዱላ መታት።
ድምፅ ያጣችዋ ሴት፣ ድምፅ ስጪ ተባለች ድንገት።

ኢልማሪ ቀና አለ፤ ሳኔልማ «እኅቴ» አለቻት፤
በአርባ ሁለት ቀን ያልጠሯትን፣ ባንድ ትንፋሽ ጠሯት።

አላቅማማችም። ጻፈች።
«ሳኔልማ።»

«ምነው?» አላት አቅራቢው፣ ማይኩን አስጠግቶ፤
አገር ሁሉ ጆሮ ሆኖ፣ ትልቅ ቃል ጠብቆ፣ ጓጉቶ፤
ስለ እምነት፣ ስለ ክዳት፣ ስለ ሰው ልጅ ክብር።

ሲርካ ጉሮሮዋን ጠረገች፦
«ጎጆው ያፈስ ነበር።
ሁላችሁም ተኝታችሁ ነበር፤ አታውቁም።
እሳቱ ላይ ያንጠባጥባል። ጀርባዬን ጋርጄ ነው ያደርሁት።
ነገርሁት። ‹ነገ› አለኝ። ሠላሳ ነገ ቆጠርሁ።»

ሳቅ ፈነዳ። ኢልማሪ ብቻ ጣሪያውን ቀና ብሎ አየ፤
ከእኔ መብራት ጋር ዓይን ለዓይን ተጋጠመ፣ ቆየ።

«ሲርካን አጥፊ!» አለች ማሪት፤ «ወደ አሸናፊዋ! ቶሎ!»
የወርቅ ብጥስጣሽ ከላይ ወረደ፣ ሁሉን ሰው ጠቅልሎ።
እኔ አላጠፋሁም። ጣቴ ቁልፉ ላይ ዘገየ።
(ከደሞዜ ይቆረጣል፤ ይቆረጥ።)

ታች፣ ከጩኸቱ ዳር፣ ሲርካ መዳፏን ዘረጋች፤
ያን ነጭ፣ ያን ቀዝቃዛ ብርሃን፣ እንደ ፍም እሳት ሞቀች።