ተራ

ጨረታ ይሉታል፣ ገንዘብ ግን የለውም፤
የሚጫረቱበት ዕድሜ ነው፣ ሌላ አይደለም።
የተቀጠርክበት ቀን ቁጥር ይሰጥሃል፤
ቁጥርህ ወንበርህን፣
ወንበርህ ሌሊትህን፣
ሌሊትህ ደግሞ ዞሮ ትዳርህን ይነካል።

እኔ ስድስት መቶ አሥራ ሁለት ነኝ።
ከበላዬ አንዱ ጡረታ ሲወጣ፣ ሌላው ልቡን ሲያመው፣
አንድ እርከን ሽቅብ ነው።
እግዜር ይቅር ይበለኝ፣
የስንብት ኬክ ስንቆርስ ያ ቁጥር ነው የሚታየኝ።

ሁለቱ አየር መንገዶች በጥቅምት ተጋቡ፤
ጠበቆች ሚዜ ሆነው፣ ጥሎሹ እኛው ሆነን፣
የነሱና የኛ፣ ሁለት የስም ዝርዝር፣ አንድ ቤት ሊገቡ።

ጥር ላይ፣ ዊኒፔግ፣ ከዜሮ በታች ሠላሳ አንድ፣
የከርሊንግ ክለቡን አዳራሽ ተከራየን።
ከመስተዋቱ ማዶ ሽማግሌዎች ድንጋይ በበረዶ ላይ ቀስ አድርገው ሲነዱ፣
ወዲህ አራት መቶ አብራሪ በቀን መቁጠሪያ ተናከስን።
«የቅጥር ቀን ይግዛ!» አሉ የነሱዎቹ።
«የያዝነው ወንበር ይግዛ!» አልን የኛዎቹ።
የማኅበሩ ጸሐፊ ሎርና ፔነር መዶሻ ብታጣ
የቴርሞስ ክዳን ይዛ ጠረጴዛ እየመታች
«ተራ በተራ!» ትላለች በቁጣ።
ማን ተራ ሊጠብቅ?
የተጣላነውስ በተራ አይደል?

ማርሴል ዴሶቴል ተነሣ።
ከተቀጠረ ሃያ ስድስት ዓመቱ፤ ከዚያ ውስጥ ስድስቱን
ኩባንያው ቀንሶት የከተማ በረዶ በመኪና ሲጠርግ ያሳለፈ።
«ስድስቱን ዓመት ማን በላብኝ?» አለ፣ ድምፁን ሳያነሣ።
ገላጋይ ዳኛው አልቆጠራቸውም፤
አንድ ሺህ ሦስት መቶ ዘጠና አንደኛ አድርጎ ጻፈው፣
ትናንት የተቀጠርኩትን እኔን ከላዩ ሰቀለኝ።
ጆሮ ቀድሞ ወጣ፣ ቀንድ ደርሶ በለጠው ይባላል።
ያን ዕለት ቀንዱ እኔ ነበርኩ፤
ቀንድ ደግሞ አይሰማም።

መጋቢት ላይ ወደ የሎውናይፍ አብረን በረርን፣
እኔ በግራ፣ እሱ በቀኝ፣
የአባቴ እኩያ «ካፒቴን» እያለኝ።
ጨለማው ላይ፣ በጆሮ ማዳመጫው፣ ስለ ሚስቱ ነገረኝ፤
ኦዴት ኩላሊቷ ደክሟል፣ ደሟ በመኪና ይታጠባል፤
ማክሰኞና ቅዳሜ ልጇ ያደርሳታል፣
ሐሙስ ነው ሰው ያጣች።
አልለመነኝም።
የአየር ጠባይ እንደሚያወራ አወራው፤
ከዚያ የቀረውን ነዳጅ አነበበልኝ።

የሚያዝያ ምርጫ ሊዘጋ አንድ ሰዓት ሲቀረው
መስመር አርባ ሰባትን፣ ሐሙስ የሚያሳርፈውን፣
ከምርጫዬ አናት ላይ ፋቅሁት።
ለማንም አልተናገርኩም።
እንደ ጻድቅ ተኛሁ።

ጠዋት ውጤቱ ወጣ፤
አርባ ሰባት የደረሰው ለስድስት መቶ አሥራ አራት።
ካልጋሪ የሚኖር፣ በስም እንኳ የማላውቀው ሰው፣
ሐሙስን ለዓሣ ማጥመድ ይወዳል አሉ።
እሱ ምን በደለ? ተራው ነበር።
በእኔና በማርሴል መካከል
ሰባት መቶ ሰባ ስምንት ሰው ቆሟል፤
ሁሉም እጁን ዘርግቷል፣
ሁሉም የየራሱ ሐሙስ አለው።
የለቀቅሁት ሁለት እርምጃ ሳይራመድ ተለቀመ።
ጽድቅ በወረፋ አይተላለፍም፤
ይህን ሕግ ማንም አላረቀቀውም፣ አንቀጽም የለው።

ክሱ አሁንም ፍርድ ቤት ነው።
ሎርና ፔነር ፀጉሯ ሸብቷል፤ ደብዳቤዋ ግን
ያው ነው፤ «ውድ አባላት፣ እባካችሁ ታገሡ።»

ሰኔ ላይ ማርሴል ጊዜው ሳይደርስ ጡረታ ጠየቀ።
በሠራተኞች ክፍል ኬክ አስመጣን፣
ነጭ ክሬም ላይ ስሙ፣ አንድ ፊደል ተሳስቶ።
ስቆርስ ቁጥር አልታየኝም።
ጨዋ ሆኜ አይደለም፤
ከበታቼ ነበርና፣ መውጣቱ ለእኔ አንድም እርከን አይጨምርም።

ቀና ብዬ ባየው የለም።
ኮፍያውን ወንበሩ ላይ ትቶ
ሳህኑን ሳይነካ ወጥቷል።
ሐሙስ ነበር።