የትል ሞግዚት

ጠዋት በአንድ ሰዓት፣ ባጃጁ ሳይበዛ፣
ቅጠል ታቅፌ እገባለሁ፣ እንዳለ ከነጤዛ።
መቶ ሃያ ብልቃጥ፣ መቶ ሃያ ልጅ፣
የሁሉም እናቱ ይኸው የኔ እጅ።
ለየብቻ ናቸው፤ አብሬ ካዋልኳቸው
አንዱ አንዱን ይቆረጥማል፣ እንዲህ ነው ፍቅራቸው።

ለላይኛው ረድፍ የሽምብራ እሸት፣ ለመሃሉ ቲማቲም፣
ለታችኛው ባቄላ፣ ከዳር የበቆሎ ጢም።
መዝገቡ ተክሉን «አስተናጋጅ» ይለዋል፣
ሆቴል ቤት ይመስል። እንግዳው ግን ሂሳብ ሳይከፍል ያድራል፣
ሲነጋ አልጋውንም ይበላል።

እመዝናለሁ፣ ቀን እቆጥራለሁ፣ ኩሱን በብሩሽ እጠርጋለሁ፣
ቆዳውን በጣለ ቁጥር «ሦስት»፣ «አራት» ብዬ እጽፋለሁ።
ዶክተር ስጦታው የሚሉኝ አንድ ነው፦ «አትራሪ፣
ትሉን አትጥዪው፣ አትውደጂው፣ ቁጠሪ።»
መብራት የጠፋ ሌሊት፣ ክፍሉ ቀዝቅዞባቸው፣
ጋቢዬን ደርቤላቸዋለሁ፤ ለዶክተሩ አልነገርኳቸው።

አልጥላው?
አባቴ ደምቢያ ነው፣ ከቆላ ድባ ማዶ፣
ዝናቡ ሲሸሽ ሽምብራ የሚዘራ፣ ወደ ጣና ዳር ወርዶ።
ታኅሣሥ ላይ፣ ልጅ ሆኜ፣ ማሳው ገብቼ ስወጣ
የቅጠሉ ላብ ባቴን ይለበልበኛል፤ ብቀምሰው ኮምጣጣ።
«አጥሩ ነው» ይለኝ ነበር፣ «እሾህ የሌለው አጥር፣
ከብት እንኳ ፊቱን አጨማድዶ ይመለሳል ከድንበር።»

ጓይ ትል ግን ያን አጥር እንደ ጠላ ጠጣው፤
ራሱን ከእልፍኝ አግብቶ፣ ጀርባውን ከደጅ አስጥቶ፣
ፍሬውን አንድ በአንድ፣ እንደ ባለርስት፣ በላው።
ያ ዓመት፦ ከሦስት ጥማድ ሦስት ቁና።
አባቴ ቆባውን ጆሮው ጋ ነቀነቀው። ዝም። እንደገና
ነቀነቀው። ዝም።

ባለፈው ቅዳሜ፣ ለዓይኑ ሕክምና ጎንደር መጥቶ ሳለ፣
«ሥራሽን አሳዪኝ» አለ።
ባርኔጣውን አውልቆ ገባ፣ ታማሚ እንደሚጠይቅ ሰው፤
ከዚያ አየኝ፣ ያንን ባላንጣውን እሸት ሳጎርሰው።
«ባንቺ» አለ። ብቻ «ባንቺ»። አልጨረሰውም።
ጎንበስ ብሎ፣ በታመመ ዓይኑ፣ ምልክቱን ሳያነብ
(ማንበብም አያውቅ)፣
«ይኸ ሽምብራ የበላ ነው፤ ወዙን እዪው።
ይኸኛው ቲማቲም፤ ከስቷል፣ ጠይሟል።
ይኸ ባቄላ ነው፤ ይወፍራል፣ ግን ያረፍዳል።»
ሃያ ብልቃጥ አየ፣ አንዱንም አልሳተ።
በሚዛኔ አፈርኩ።

«እንግዲያ የሚጠላው ምኑን ነው?»
«የሚጠላው የለም፣ አባ። ሁሉንም ይበላል።
ሽምብራ ላይ በአሥራ ሰባት ቀን አድጎ አፈር ይገባል፣
ቲማቲም ላይ ግን ሃያ ስድስት ይፈጅበታል።»
በጣቱ ቆጠረ።
ጠብቄ ነበር፣ «ለዚህ ነው እንዴ ያስተማርኩሽ» እንዲለኝ።
«ዘጠኝ ቀን» አለ። «ዘጠኝ ቀን እኮ ብዙ ነው።
በዘጠኝ ቀን ስንት ወፍ ይመጣል፣ ስንት ሌሊት ውርጭ ይጥላል፣
አንድ ሰው ከነልጁ አራት ማሳ ለቅሞ ይጨርሳል።»
ልጁ እኔ ነበርኩ። እዚህ ነኝ።

እስከ ቆላ ድባ መኪና ሸኘሁት። ሲጨብጠኝ
አውራ ጣቱ አረንጓዴ ነበር፣ እርጥብ።
ተመልሼ ቆጠርኩ። መቶ አሥራ ዘጠኝ።

መዝገቡን ከፈትኩ። ቁጥር፣ አርባ አንድ። አስተናጋጅ፣ ሽምብራ።
ዕድሜ፣ አሥራ አራት ቀን። የሞት ምክንያት፣
እስክሪብቶው እጄ ላይ ቆየ፣
«ወፍ» ብዬ ጻፍኩ።