መለዋወጫ

ነሐሴ አሥራ አራት፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣
ለገሃር ድልድይ ላይ ቆመች፤ ዝናብ መታት።
ሽቦው አልተበጠሰ፣ ኃይሉም አልጎደለ፣
ሰባት መቶ ሃምሳ ቮልት ካናቷ በላይ ሳለ፣
የብረት ጎማዋ ንቅንቅ አልል አለ።

ሾፌሯ ብርዛፍ ሦስት ጊዜ ሞከረች፤
«አየር ይዛለች፣ ፍሬኗን ለቅቃለች፣
እግሯ ግን አልሰማ አለኝ» አለች።
ተሳፋሪው በመስኮት አፍጥጦ ያየኛል፣
«እስከ መቼ?» ይለኛል።
ጠጋኝ ነኝ እንጂ ወገኔ፣
ነቢይ አይደለሁም እኔ።

ኃይሉን በስልክ አስቆርጬ፣ ሽቦውን ከመሬት አሲዤ፣
ጣራዋ ላይ ወጣሁ መፍቻዬን ይዤ።
ወለሏ ዝቅ ያለ ነው፣ ምርኩዝ የያዘ እንዲገባ፤
ለዚያ ሲባል ጣራ ላይ ተጫነ ልብና ሳንባ።

ከዚህ ሲያዩት ቁልቁል የድሮው ጣቢያ አለ፣
የአባቴ የዋቅቶላ ዕድሜ እዚያ ተቃጠለ።
የሊቶሪና መካኒክ፤ በኦሮምኛ የሚጸልይ፣
በፈረንሳይኛ የሚሳደብ፣
ብሎን ሲጠፋው ግን ዝም ብሎ ሰማይ የሚያይ።
የእሱ ሐዲድ ስፋቱ ልክ አንድ ሜትር ነበር፤
የእኔ አንድ ሜትር ከአርባ ሦስት ሳንቲም ተኩል።
በአባትና በልጅ መሃል ያለው ርቀት ይሄው ነው፣
በሜትር የሚለካ።
ጥፍራችን ውስጥ የገባው ግሪስ አንድ ነው።

ዕቃ ከባሕር ማዶ መምጣቱ ሲቀር፣
ከቆመችው ፈትቶ ለምትሄደው ያስር ነበር።
ማታ ራት ይቀርባል፤ እጁን አይዘረጋም።
«ዛሬ» ይላል፣ «የሰባት ቁጥርን ጥርስ ነቀልኩ።»
እኔ እስቃለሁ፣ ልጅ ነኝ፦
ብረት እኮ ነው አባዬ፣ አያመውም።

መስከረም ሁለት ሺህ ስምንት የኛዎቹ ሲመጡ
የከተማው ሰዎች ሙሽራ ሊያዩ ወጡ።
ትኬቱ ሁለት ብር። ሕፃናት ለደስታ ብቻ ደርሶ መልስ።
አረንጓዴዋ ከአያት፣ ሰማያዊዋ ከቃሊቲ ተነስተው፣
ከስታዲየም እስከ ልደታ አንድ ሐዲድ ይጋራሉ፣
አንድ ነጠላ በተራ እንደሚለብሱ እህትማማቾች።
መመሪያው ቻይንኛ ነው፤ ዳሩ ላይ በእርሳስ የኔ አማርኛ።
«ሰባ ኪሎ ሜትር በሰዓት» ይላል አንዱ ገጽ፤
አጠገቡ ጽፌአለሁ፦ «እስኪ እናያለን።»

ኩርባ ብረት ይበላል። ጎማው እንደ እርሳስ ተቀርጾ ተቀርጾ አለቀ፤
አዲስ ጎማ የለም።
አሥራ ዘጠኝ ቁጥርን ወደ ጥግ ገፋናት፣ ለጊዜው ነው ብለን።
መጀመሪያ የበሯን ሞተር። ቀጥሎ መስታወቷን።
ከዚያማ መጥረጊያዋን፣ ወንበሯን፣ ጡሩምባዋን፣
ማን ምን እንደወሰደ መዝገቡም አያውቅ።
አንድ ቀን ሳያት፣ የፊት መብራቷ በነበረበት ጉድጓድ
ወፍ ጎጆ ሠርታለች።

እና ዛሬ፣ ዝናቡ በአንገቴ እየወረደ፣
ክዳኑን ከላስቲክ ሥር ስከፍተው፣
በጠቆረው ኮንታክተር ጎን ላይ፣
በቢጫ ቀለም፣ የራሴ የእጅ ጽሕፈት፦
«የ፲፱ ነው። ይመለስ።»

በብርጭቆ ወረቀት ከንፈሩን ጠረግኩለት።
ቀለሙ ለቅቋል፤ ከኪሴ ማርከር አወጣሁና
«ይመለስ» የሚለውን ደገምኩት።
በስልክ «ልቀቁት» አልኩ፤ ኃይሉ ተመለሰ።

ብርዛፍ የባቡሯን ክንድ ወደ ሽቦው ሰደደች፤
ሰማያዊ ብልጭታ። በረጠበው ሐዲድ አሸዋዋን ረጨች፣
ወደ ሜክሲኮ ሄደች።
ማንም አላጨበጨበ፤ ሁሉም ስልኩን ያያል።

እኔ ድልድዩ ላይ ቀረሁ፣ በመዳፌ አንድ ትርፍ ብሎን፣
ከየት እንደ ወጣ የማላውቀው።
ኪሴ ከተትኩት።
ለአሥራ ዘጠኝ ይሆናታል።