ገብስ ገብሱን

ሰኞ ጠዋት ስነቃ ቀኝ ዓይኔ ከብዳኛለች፣
ሽፋሽፍቱ ሥር ገብታ አንዲት ነገር ትወጋለች።
መስታወት ፊት ቆምኩ፤ ቆቡ ቀልቶ አብጦ፣
ጫፉ ላይ ቢጫ ፍሬ ታየኝ ተቀምጦ።
እኛ የታርኑፍ ሰዎች «ገብስ» ነው የምንላት፣
ማንም ሳይዘራት በቅላ፣ ማንም ሳያርማት።

ገብስነቷ ባልከፋ፤ ክፋቱ ቦታዋ፣
የቀኝ ዓይኔ ሆነ የመብቀያ እርሻዋ፣
ማጉያ የምሰካባት፣ ሰዓት ከፍቼ ሳይ፣
ጥርስ የምቆጥርባት ከጤፍ ያነሰ ጎማ ላይ።

ወይዘሮ ፔላግያ፣ ከላይኛው ፎቅ ያሉት፣
ነጠላ ጫማ እየጎተቱ ደረጃውን ወረዱት።
«ወርቅ ነው መድኃኒቱ! የጋብቻ ቀለበት!
ሦስት ጊዜ እሸው፣ ሦስት ጊዜ ትፍ በልበት።»

ቀለበት እንኳ አለችኝ። ሉድሚላ ከሄደች
አራት ዓመት፣ መሳቢያ ውስጥ ተኝታ ነው ያለች፣
ከላላ ሞላ ጋር፣ ከዝገት፣ ከዘይት።
አወጣኋት። እድፉ ከነዘመኑ አለባት።
ዓይኔ ላይ ልፈትጋት? አልቻልኩም፤ መለስኳት።
ወርቅ ሁሉ አያድንም።
ደግሞም አልጣልኳት።

ኪንጋ ከመድኃኒት ቤት፣ ልጅ እግር ናት ገና፣
እጇን ሳታስጠጋ አየችኝ ጎንበስ ቀና፤
«የቅባት ቀዳዳ ነው፣ ጠባብ፣ የተደፈነ፣
ጀርም ገብቶበት ነው እንዲህ ቀይ የሆነ።
ንጹሕ ጨርቅ በሞቀ ውኃ ንከር፤ እንዳያቃጥልህ
መጀመሪያ በክንድህ ውስጥ በኩል ሞክረህ፣
ዓይንህን ጨፍነህ ጣል አድርገው ከላይ፣
ዐሥር ደቂቃ ይቆይ፤ ሲበርድ ንከር ሳትዘገይ።
በቀን አራት ጊዜ። እጅህን ታጠብ፣ ፊትም ኋላም፣
ፎጣህም ለብቻ ነው፣ ለሌላ ሰው አይሆንም።
መጭመቅ ግን! እንዳትነካው! በመርፌም፣ በጥፍርም፣
ራሱ ሲበስል ይፈርጣል፤ የሚያስቸኩለው የለም።»

ዐሥር ደቂቃ! ለእኔ! ግድግዳዬ ላይ ተሰቅለው
ሠላሳ ሁለት ሰዓቶች ሲንቀጫቀጩ የሚውሉት ለሰው ነው፤
የራሴ የምለው ደቂቃ ከየት መጥቶ?
ማክሰኞ ተቀመጥኩ፣ ጨርቁ ዓይኔ ላይ ተኝቶ።

ማታ ግን እጄ ከዳኝ። ወረንጦዬን አነሳሁ፣
ጫፏ ከፀጉር የሚቀጥነውን፤ መብራቱን አበራሁ፤
«አንዴ ብቻ፣ በስሱ» አልኩ። ከመስታወቱ ማዶ
ፍሎሪያን ድቅን አለ፣ ዓይኑ በእብጠት ተጋርዶ።

ኦርጋን ይመታል እሱ፣ በቤተ ክርስቲያን።
አምና በፋሲካ ሰሞን የራሱን ገብስ ፈረጠው፣
«ይድናል» እያለ ሰነበተ፤ በሦስተኛው ቀን ገለበጠው፤
ቅላቱ ከቆቡ አልፎ ጉንጩ ድረስ ወረደ፣
ገላው በትኩሳት ነደደ፤
ዓይኑን ማዞር አቃተው፣ ሕመም እየሆነ፣
የኖታው መስመር አንዱ ሁለት ሆነ።
በሌሊት ነው የወሰዱት። አራት ቀን ሆስፒታል፣
መድኃኒት በደም ሥሩ። «ያኔውኑ መጥቼ ቢሆን» ይላል
እስካሁን።

ኪንጋም ይህንኑ ብላኛለች፤ «ሁለት ሦስት ቀን ሞክረህ
ካልተለወጠ፣ ሐኪም ይየው። ከተዛመተ፣ ካተኮሰህ፣
ዓይንህ ከደበዘዘ ግን ጨርቁን ጣልና ሂድ፣
ሌሊትም ቢሆን፣ በረዶም ቢዘጋው መንገድ።»

ወረንጦዋን መለስኩ። እጄንም ሰበሰብኩ።
ረቡዕ አራት ጊዜ ነከርኩ፣ አራት ጊዜ ታገስኩ።
ሐሙስ ጠዋት ከጨርቁ ሥር በቀስታ ለቀቀ፣
ሳልነካው፣ ሳልጫነው፣ ራሱ ፈንድቶ አለቀ።
ጨርቁን ቀቀልኩ። እጄን ታጠብኩ እንደገና።

ወይዘሮ ፔላግያ ደረጃው ላይ አዩኝና፣
«ቀለበቱ ሠራ አይደል!» አሉ በኩራት።
ምን ልመልስ ለሰማንያ ዓመት እናት?
ገብስ ገብሱን አወራን፤ ስለ ዝናብ፣ ስለ ድንች ዋጋ።

ዓይኔ አሁን ደኅና ነው። ግን ማታ ሱቄን ስዘጋ
ያለ ጨርቅ፣ ያለ ውኃ፣ ጨፍኜ እቀመጣለሁ፣
ዐሥር ደቂቃ። ሠላሳ ሁለቱን አዳምጣለሁ።
ከበሩ አጠገብ ያለችው፣ ስንት ዓመት ሳላውቅባት፣
ትንሽ ትዘገያለች።