ስልሳ ሁለተኛው ጭነት

ሰማይ ከነጠፈ ሦስተኛ ወር ሞላ፤
የሎውሪ ክሪክ ሣር መጀመሪያ ገረጣ፣ ኋላ ሆነ ቡላ።
እኔ ነኝ አጫጁ፣ የመናፈሻው ሠራተኛ፤
ዘንድሮ ማጨጃዬ ሥራ አጥቶ ተኛ።
ስለዚህ ቆሜ አየሁ፤
መሬቱ መስመር አወጣ፤
አንድ ረጅም አራት ማዕዘን፣ ከሥር ወደ ላይ የመጣ፣
ጠርዙ የደረቀ፣ ቀጥ ያለ፣ በገመድ የተለካ፤
ሲሚንቶ ከሥሩ እርጥበት ነስቶት ለካ!

እዚህ መዋኛ ነበር፤
ሣር ቅጠሉ ያውቃል፣ ሰው ግን አይናገር።
ዘንድሮ ሣሩ ሰለቸው መሰለኝ።

ፍርድ ቤት ሲያዝዝ፣ «በሩ ለጥቁሩም ይከፈት» ብሎ፣
ምክር ቤቱ በአንድ ማታ፣ በአንድ ድምፅ፣ ቶሎ
ወሰነ፦ ከእነሱ ጋር አንድ ውሃ ከመንከር
ለልጆቻችንም ይቅር።
ገንዳው በአፈር ይሞላ፤ አፈሩ ላይ ሣር ይዘራ።
አባቴ ቨርጅል ገልባጭ መኪና ነበረው፤ እሱ ተጠራ።

ሚስ ኦዴሳ ፕሩዊት ሐሙስ ሐሙስ ይመጣሉ፤
ሰማንያ አንድ ዓመት፣ ሐምራዊ ጃንጥላ፤ አግዳሚው ላይ ይቀመጣሉ።
ጥያቄያቸው አንድ ነው፣ ሁሌ ያው፦
«አባትህ አፈሩን ስንቴ ተመላልሶ ደፋው?»
እኔም «አረጁ» እያልኩ፣ ባርኔጣዬን አንሥቼ
አልፋለሁ፤ ስንት ዓመት አለፍኩ፣ አንገቴን ደፍቼ።

ወንድም ነበራቸው፤ ሉሸስ፤ ዐሥራ ስድስት ዓመቱ።
ውሳኔው በወጣ ማግስት፣ በሰኔ፣ በሌሊቱ
አጥር ዘሎ ዋኘ፣ ከዳርቻ እስከ ዳርቻ፤
አንድ ጊዜ ብቻ።
ውሃውን በነጋታው አፈሰሱት።
አፈር ተጋዘ፣ ተጋዘ፤ ጥልቁ ጫፍ ብቻ ለሰኞ ቀረ።
ቅዳሜ ሌሊት ልጁ ከአልጋው ጠፋ።
ሰኞ ጠዋት ጥልቁ ጫፍ ሞልቶ ነበረ፤
«ማን ሞላው?» ያለ የለም።

ሸሪፉ አንድ መስመር ጻፈ፦ «በአውቶቡስ ሄዷል፣ ወደ ዲትሮይት።»
መዝገቡም ተዘጋ፤ ነገሩን ውሃ በላው አሉት።
ውሃ? ውሃማ ፈስሶ አልቆ ነበር።
የበላው አፈር።

ጫማው ግን ከአልጋው ሥር፣ ማሰሪያው እንደተቋጠረ፤
ከእሱ ሌላ ጫማ አልነበረው።
«ዲትሮይት በባዶ እግሩ?» አሉ ኦዴሳ፣ ልጅ ሳሉ፤
መልስ የሰጠ አልነበረ።

ባለፈው ጥር አባቴ ሞተ። ጋራዡን ልጠርግ ገባሁ፤
ከቅባት ጣሳዎች ኋላ ደብተሩን አገኘሁ።
ስልሳ አንድ ጉዞ፤ ስልሳ አንዴ ሦስት ዶላር፤ ሁሉም በጠራራ ፀሐይ።
ከሥሩ በእርሳስ፣ እጁ ተንቀጥቅጦ ይሁን መብራት አጥቶ፣ አላውቅም፦
«ስልሳ ሁለት። ሌሊት። ጥልቁ ጫፍ ላይ።»
ዋጋ የለውም።

ምን ላይ እንደሚደፋ ያውቅ ነበር?
በዚያው ዓመት መኪናውን ሸጠው፤ በርካሽ።
ሌላ የማውቀው የለኝም።
ጉድጓዱን ደፈኑት፤ ጉዱን ማን ይድፈነው?
ስልሳ ዓመት አፈሩ እዚሁ ነበር፤
ሰዎቹ ግን መች አፈሩ?
እኔስ ብሆን?

ዛሬ ሐሙስ ነው። ደብተሩ በደረት ኪሴ፣ በላቤ ርሷል።
ሚስ ኦዴሳ ጠየቁ፣ ሣሩን እያዩ።
ባርኔጣዬን አላነሣሁም።
«ስልሳ ሁለት» አልኳቸው።

በዚያ ፀሐይ ጃንጥላቸውን አጠፉ።
ከቦርሳቸው ጫማውን አወጡ፤
በደረቀው መስመር ሄደው፣ ጥልቁ ጫፍ ጋ አኖሩት፣
አፍንጫውን ወደ ውጭ አዙረው፣
ከውሃ የሚወጣ ልጅ
ፈልጎ እንዳያጣው።