ሰማንያ ስምንት ጊዜ

ቦዬ፣ የውሃ ማጣሪያው፤ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት።
ሦስተኛዋ ፓምፕ ላይ ሴንሰር ለጠፍኩባት፣
በማግኔት፣ ከትከሻዋ፣ ግራሶ ከጠገበው፣
ቀለሙ ከተላጠው፣ ሌት ተቀን ከሚያልበው።
ጋሽ ነዚፍ ከጎኔ ቆሞ ያየኛል ዝም ብሎ፣
ሠላሳ ዓመት የሰማበትን ካቻቢቴ አንጠልጥሎ።

ድሮ እጀታውን ከጆሮው፣ ጫፉን ከብረቱ ላይ
አድርጎ ነበር የሚሰማ፣ ሐኪም ደረት እንደሚያይ።
ጆሮውን ግን ሞተሮቹ በሉት ቀስ በቀስ፣
ቀኙ ቀድሞ ሄደ፣ ግራው ጀመረ ማነስ።
አሁን እንጨቱን በጥርሱ ነክሶ ነው የሚያደምጥ፣
መንጋጋው ሲነዝረው ነው ወሬው ወደ ውስጥ የሚሰምጥ።
«ታጉረመርማለች» ይላል፣ «ከሆዷ አይደለም፣ ከጉልበቷ።»
እኔ ላፕቶፔን ከፍቼ ወረድኩ ወደ ምቷ።

ኪቶ ፉርዲሳ ስማር፣ «የሚሽከረከር ሁሉ» ይል ነበር መምህሩ፣
«ንዝረቱ ኑዛዜው ነው፤ አቋርጣችሁ አትናገሩ።»

መጀመሪያ የሚመጣው ጫጫታ ነው፣ ዝብርቅርቅ፣
ሐሙስ ዕለት ሂርማታ፣ ገበያው ሲደምቅ፣
የሸክላው፣ የፍየሉ፣ የባጃጁ ጡሩምባ፣
የደላላው እርግማን፣ ሁሉም በአንድ ጆሮ ሲገባ።
ሒሳቡ ወንፊት ነው፤ ድምፅን በፍጥነቱ ይነፋል፣
ፈጣኑን ከዘገምተኛው ለይቶ በየረድፉ ያሰልፋል።
ዘንጉ ይኸው፦ በሰከንድ ሃያ አምስት ሊሞላ ጥቂት የጎደለ፤
መብራቱ ይኸው፦ መቶ ላይ፣ እሱ ራሱ ካለ።
በመካከላቸው ግን ማንም ያልጠራው እንግዳ፣
ቀጭን መስመር ቆሟል፣ እንደ ሸምበቆ በሜዳ።

በሰከንድ ሰማንያ ስምንት ጊዜ
አንዲት ነገር ታንኳኳለች።
ማን ነሽ?
ሰማንያ ስምንት ጊዜ።
ሌላ መልስ የላትም።

«የኩሽኔታው የውጭ ቀለበት ነው» ብዬ ጻፍኩ፣ ከነቀይ መስመሩ፤
ሥራ አስኪያጁ አየና ፈገግ አለ ከወንበሩ፦
«ውሃ እየወጣ ነው አይደል? ሞተር መቼም ይንቀጠቀጣል።
ከአረፋ በፊት ማቆም የለም፤ ከተማው ምን ይጠጣል?»
እውነቱን ነው። ከቆጪ እስከ ፈረንጅ አራዳ
ቢጫ ጀሪካን ቢሰለፍ፣ በማን ይቆጠራል ዕዳ?
በየሌሊቱ ለካሁ፤ መስመሯ በቁመት ጨመረች፣
ዛሬ ጥፍር፣ ነገ ጣት፣ ከነገ ወዲያ ክንድ አከለች።

እሑድ ለሰኞ አጥቢያ መብራት ጠፋ፣ እንደ ወጉ፤
ዘንጉ እያዛጋ ቆመ፤ እንቁራሪት ተሰማ ከረግረጉ።
ጋሽ ነዚፍ ምንም አላለም፤ የእጅ ባትሪውን ነክሶ፣
ቡሎኑን ሁሉ ፈታ፣ ኮፍያው ውስጥ አፍስሶ።
ኩሽኔታው ወጣ፤ ግራሶው እንደ ቅጥራን ጠቁሮ፣
በናፍጣ አጠብኩት፤ ጣቴ ዳር ዳሩን ዞሮ
ከቀለበቱ ሆድ ላይ አንዲት ጉድጓድ ነካ፣
ሰሊጥ የማታህል። ያን ሁሉ ስታንኳኳ የከረመች እሷ ናት ለካ።

አዲሱን በትኩስ ዘይት አሙቀን አስገባንና
ቁጭ አልን። መብራቱ አልመጣም፤ ሌሊቱም ብዙ ነው ገና።
ያኔ ጋሽ ነዚፍ ሸሚዙን ከፍቶ፣ «እኔንስ አትሰሚኝም?»
ማግኔቱን ደረቱ ላይ ባስቀምጠው ወደቀ። አጥንት አይይዝም።
ሳቀ። በእጄ ደግፌ ያዝኩት። ስክሪኑ ላይ ሞገድ ወጣ፣
ቀርፋፋ፣ ሸካራ፣ አንዳንዴ ዘሎ ተመልሶ የሚመጣ።
«ምን ይላል?» አለ፣ በግራ ጆሮው ወደኔ ዘንበል ብሎ።
ነፋሁት፣ ደግሜ ነፋሁት፤ አልለይ አለኝ ተቀላቅሎ፦
የእሱ ልብ የቱ እንደሆነ፣
የሚንቀጠቀጠው እጄ የቱ።

መብራት መጣ። ሸሚዙን ቆለፈ። ሦስተኛዋ ተነሣች።
ሰማንያ ስምንት ላይ፣ ማንም።
ጋሽ ነዚፍ ካቻቢቴውን ነክሶ፣ «ምን ሆነች?» አለኝ፣ «ዝም አለች።»